አራት ዒላማ ሳይነካ በጉን የወሰደው ተኳሽ፦ ከኮምቦልቻ የአየር ጠመንጃ ውድድር የተወሰደ የነጥብና የቅጣት ጉዳይ

ዳራ

ኮምቦልቻ ውስጥ በበዓል ሰሞን የአየር ጠመንጃ ውድድር ተዘጋጀ። ተወዳዳሪዎቹ የከተማው ልጆችና የሀረጎን ቁልቁለት ወርደው የመጡ የደሴ ልጆች ናቸው። ሽልማቱ አንድ ሙክት በግ ነው። ቦታው በግንብ የታጠረ ሰፊ ግቢ ሲሆን፣ ከዒላማዎቹ ጀርባ ከሰው ቁመት በላይ አፈር ተከምሯል። የፈቃዱ ጉዳይ አስቀድሞ አልቋል፣ የዓይን መከላከያ መነጽርም ለተኳሽ፣ ለዳኛና በገመዱ ዙሪያ ለቆመ ሁሉ ተሰጥቷል።

ባዛር ላይ ሰው የለመደው ተኩስ ቀላል ነው። አንድ ቦታ ቆሞ አምስት ጥይት ይተኮሳል፣ ብዙ ነጥብ ያገኘ ያሸንፋል። አዘጋጆቹ ግን በሌላው ዓለም «ተግባራዊ ተኩስ» የሚባለውን፣ ተኳሹ ቦታ እየቀያየረ በሰዓት የሚወዳደርበትን ዓይነት ፈለጉ። የዚህ ስፖርት ዓለም አቀፍ ማኅበር አይፒኤስሲ በ1976 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት ኮሎምቢያ ከተማ ተመሠረተ። መሪ ቃሉም ትክክለኛነትን፣ ኃይልንና ፍጥነትን አንድ ላይ ያነሣል። እዚህ ሁሉም የሚተኩሰው በአንድ ዓይነት የአየር ጠመንጃ ስለሆነ የኃይሉ ጉዳይ ወጥቶ ትክክለኛነትና ፍጥነት ብቻ ቀሩ።

የመሣሪያው ዓይነት ለጉዳዩ ወሳኝ ነው። ጠመንጃዎቹ በርሜላቸው ወደ ታች ተሰብሮ የሚጎርሱ፣ 4.5 ሚሊ ሜትር እርሳስ አንድ በአንድ የሚወስዱ ናቸው። የለመደ እጅ ከአንድ ተኩስ እስከ ቀጣዩ፣ ማጉረሱንም ማነጣጠሩንም ጨምሮ፣ 6.5 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ሽጉጥ የሚተኩሱት የዓለም ተወዳዳሪዎች ግን ቅርብ ዒላማ ላይ ሁለተኛውን ጥይት ከመጀመሪያው በሩብ ሰከንድ ያህል ልዩነት ያስከትላሉ። ከታች የሚነሣው ችግር ሁሉ የመጣው ከዚህ ልዩነት ነው።

ሜዳው ላይ አራት የካርቶን ዒላማና ሁለት የብረት ሳህን ቆሟል። ሁለቱ ካርቶኖች በ5 ሜትር፣ ሁለቱ በ10 ሜትር፣ ሳህኖቹ በ12 ሜትር ርቀት ላይ ናቸው። በእያንዳንዱ ካርቶን ላይ ሁለት፣ በእያንዳንዱ ሳህን ላይ አንድ ምት ይጠየቃል፤ በድምሩ 10 ምት። ሳህኖቹ ወደ ፊት ትንሽ አዘንብለው ስለተተከሉ ሲመቱ እርሳሱ ወደ መሬት ይወርዳል እንጂ ወደ ተኳሹ አይመለስም።

ችግሩ

የመጀመሪያው ሕግ እዚያው ግቢ ውስጥ የተሠራ ነበር። የካርቶኑ መሃል 10፣ ቀጣዩ ክልል 6፣ ዳር 2 ነጥብ ይሰጣል፤ ሳህን ከወደቀ 10። ከድምሩ ላይ የፈጀው ሰከንድ ይቀነሳል። ለሳተ ቅጣት የለም፣ ነጥብ ማጣቱ ይበቃዋል ተባለ። ሲሰሙት ልክ ይመስላል።

ከኮምቦልቻ ልጆች አንዱ አሥሩንም ምት ተኩሶ ጨረሰ። በቅርቦቹ ካርቶኖች አራቱንም መሃል አስገባ፤ 40 ነጥብ በ20 ሰከንድ። በሩቆቹ ሦስት 6 እና አንድ 2 አገኘ፣ ሳህኖቹንም ጣለ፤ ሌላ 40 ነጥብ፣ ግን በ46 ሰከንድ። 80 ሲቀነስ 66፣ ውጤቱ 14።

ቀጥሎ የገባው የደሴ ልጅ ቅርቦቹን ሁለት ካርቶኖች በ19 ሰከንድ አራት መሃል መታና ጠመንጃውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ።

«ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?» አለ ዳኛው።

«የለም ጋሼ፣ ጨርሻለሁ።»

40 ሲቀነስ 19፣ 21። አራት ዒላማ ሳይነካ አንደኛ ወጣ። ጩኸቱ ግቢውን ሞላው። ሕግ ግን አልጣሰም፤ የጣሰውን አንቀጽ አምጡ ቢባል የሚያመጣ አልነበረም። አንድ አዛውንት እንደ ወሎ ደንብ በሽምግልና ሊጨርሱት ፈልገው በጉ ታርዶ ለሁለት ይከፈል አሉ። ሐሳባቸው ቅን ነው፣ ሥጋውንም ለማካፈል ይረዳ ነበር። በማግስቱ የሚመጣው ተኳሽ ግን ያንኑ አራት ምት ተኩሶ ይቀመጣል፣ ያኔ በግ አይበቃም።

ስሌቱ የሚያሳየው ይህን ነው። አንድ ነጥብ በአንድ ሰከንድ ከተመነዘረ፣ አንድ ምት ከሚፈጀው ሰከንድ በላይ ነጥብ ካላመጣ መተኮሱ ኪሳራ ነው። የኮምቦልቻው ልጅ ሩቆቹን ስድስት ምቶች በመተኮሱ 40 ነጥብ አግኝቶ 46 ሰከንድ ከፈለ። ከቅርቦቹ በኋላ ቢያቆም 20 ይይዝ ነበር፤ ሥራውን በመጨረሱ 6 ነጥብ ተቀጣ። ሕጉ ሰነፉን ሸለመ ብሎ መቆጣት ስሕተት ይሆናል። የደሴው ልጅ ሒሳቡን ከሁሉም በፊት የሠራ ተኳሽ ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

በጉ ለደሴው ልጅ ተሰጠ። ይህ ከውሳኔዎቹ ሁሉ ትክክለኛው ነበር ማለት ይቻላል፤ ውድድር ካለቀ በኋላ ሕግ ወደ ኋላ አይሠራም። ከዚያ ለቀጣዩ ዙር የአይፒኤስሲ አቆጣጠር ተወሰደ። በዚህ አቆጣጠር የካርቶኑ መሃል ኤ ክልል ተብሎ 5፣ ቀጣዩ ሲ ተብሎ 3፣ ዳሩ ዲ ተብሎ 1 ነጥብ ነው። ኃይለኛ ጥይት ለሚተኩሱ ሲ 4፣ ዲ 2 ይሆናል፤ ለአየር ጠመንጃ የሚመጥነው ግን ዝቅተኛው ነው። የብረት ሳህን 5። ለሳተ ምት ቅጣቱ 10 ነጥብ፣ ማለትም የከፍተኛው ምት እጥፍ ነው። ጭራሽ ያልተተኮሰበት ዒላማ ከሳተው ምት ቅጣት በላይ ለራሱ ሌላ 10 ያስቀንሳል። የተጣራው ነጥብ ለሰከንዱ ይካፈላል፤ ውጤቱ ሂት ፋክተር ይባላል። ከዜሮ በታች አይወርድም።

በዚህ ሲታሰብ የደሴው ልጅ 20 ነጥብ ይዞ ለስድስት የሳተ ምት 60፣ ላልተነኩት አራት ዒላማዎች 40 ይቀነስበታል፤ ዜሮ። የኮምቦልቻው ልጅ አራት ኤ፣ ሦስት ሲ፣ አንድ ዲና ሁለት ሳህን አለው፦ 20 ሲደመር 9፣ ሲደመር 1፣ ሲደመር 10፣ 40 ነጥብ። ለ66 ሰከንድ ሲካፈል 0.606።

ሂት ፋክተር ተኳሹን ሌላ ጥያቄ ያስጠይቀዋል፦ ልድገም ወይስ ልለፍ? የተኩስ ቁጥር ባልተገደበበት ሜዳ ተጨማሪ ጥይት መተኮስ ይፈቀዳል፣ የሚቆጠሩትም ምርጦቹ ሁለት ምቶች ናቸው። 40 ነጥብ በ60 ሰከንድ የያዘ ሰው ሂት ፋክተሩ 0.667 ነው። አንዱን ዲ ወደ ኤ ለመቀየር 6.5 ሰከንድ ቢጨምር 44 ለ66.5፣ 0.662 ይሆንበታል። ዲውን ትቶ ቢሄድ ይሻለዋል፤ ሲውንማ ጭራሽ አይንካው። የሳተ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። 36 ነጥብ ይዞ አንድ ምት የሳተ ሰው 26 ለ60፣ 0.433 ላይ ነው። ደግሞ ሲ ቢያገኝ 39 ለ66.5፣ 0.586 ይደርሳል። ለልምምድ የመጡት ልጆች ይህን በቃላቸው እንዲይዙት ተደረገ፤ ሜዳ ላይ የሚያሰላ የለም።

የጠርዙ ምት

በሁለተኛው ዙር ከሩቆቹ ካርቶኖች ፊት የማይመታ ነጭ ካርቶን ተተከለ። ልጆቹ «ሰላማዊ» አሉት። ሰላማዊን የመታ በእያንዳንዱ ምት 10 ነጥብ ይቀጣል፤ በአንድ ሰላማዊ ላይ የሚቆጠረው ግን እስከ ሁለት ምት ነው።

ከጥይቶቹ አንዱ ልክ ጠርዙን አገኘ። ግማሹ የነጩን ካርቶን ጠርዝ ገምሷል፣ ግማሹ ከኋላ ባለው ዒላማ ኤ ክልል ገብቷል። ዳኛው 5 ጻፈ፣ ቀጥሎ 10 ቀነሰ።

«ጋሼ፣ አንድ ጥይት እንዴት ሁለቴ ይቆጠራል? ወይ ይሸልመኝ ወይ ይቅጣኝ!»

«ሁለቱንም ነካህ፣ የኔ ልጅ። ሁለቱንም ትወስዳለህ።»

ዳኛው ልክ ነው። የዒላማም የሰላማዊም የነጥብ ክልል ጥይት እንደማያሳልፍ ይቆጠራል። ጥይቱ ሙሉ በሙሉ ነጩ ላይ ቢያርፍ፣ አልፎ ኋላ ያለውን ቢበሳም የኋላው አይቆጠርም። በከፊል ከነካ ግን ነጥቡም ቅጣቱም ይያዛል። በሁለት ክልሎች መካከል ያለውን መስመር የነካ ምት ደግሞ ከፍተኛውን ነጥብ ይወስዳል።

አስቸጋሪው መንካቱን ማረጋገጥ ነው። የካርቶን ቀዳዳ እርሳሱ ካለፈ በኋላ ይሸበሸባል፣ ከጥይቱ ጠቦም ይታያል። አፍንጫው ክብ የሆነ እርሳስ ካርቶኑን ይተረትራል እንጂ አይቆርጥም፤ ከቀዳዳው የሚወጣው ስንጥቅ መስመር ቢነካ አይቆጠርም፣ ልጆቹ ግን የሚያሳዩት እሱን ነው። መፍትሔው ርካሽ ሆነ። ከኮፒ ቤት ለጥራዝ ሽፋን የሚውል ገላጭ ፕላስቲክ ተገዛ፣ በላዩ 4.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ በቀጭን ብዕር ተሣለበት። ክቡን በቀዳዳው ላይ አስተካክሎ ማስቀመጥ፣ ከዚያ መስመሩን ማየት ነው። አፍንጫው ጠፍጣፋ የሆነ እርሳስ ከተገኘ ደግሞ ቀዳዳውን ክብ አድርጎ ይቆርጠዋል፣ ክርክሩም ይቀንሳል።

ተኳሹ ካልተስማማ ክርክሩን የሚያነሣው እዚያው ዒላማው ሥር፣ ቀዳዳው ላይ ፕላስተር ሳይለጠፍ ነው። ከሜዳው ዳኛ ወደ ዋናው ዳኛ፣ ከእሱ ወደ ውድድሩ ኃላፊ ዳኛ ይሄዳል፤ የመጨረሻው ቃል የእሱ ነው። ተኳሹ ከዳኛው ጋር ሄዶ ማየት ይችላል፣ ዒላማውን መንካት ግን አይችልም።

የኖራው መስመር

መቆሚያው በኖራ ተሠምሯል። አንዱ ተኳሽ ሁለቱን ሳህኖች ሲመታ የጫማው አፍንጫ አንድ ስንዝር ያህል አልፎ ነበር። በ12 ሜትር ላይ አንድ ስንዝር ምንም አይጠቅምም፤ አንድ የአሠራር ቅጣት፣ 10 ነጥብ። ሌላው ደግሞ ከሰላማዊው ጎን የሚታየውን ዒላማ ለማግኘት አንድ እግሩን ከመስመሩ አውጥቶ ሁለት ጊዜ ተኮሰ። እዚህ መስመሩን ማለፉ ከመስመሩ ሆኖ የማያገኘውን አስገኝቶለታል፤ ቅጣቱ በየተኩሱ ስለሚቆጠር 20። ሁለቱም መስመር ጣሱ፣ ያገኙት ጥቅም ግን አንድ አይደለም። ዳኛው ይህን ልዩነት በወረቀቱ ላይ በአንድ ቃል እንኳ ካልጻፈው ማታ ላይ «ለምን እሱ 10፣ እኔ 20?» የሚል ይመጣል። መጥቶም ነበር።

የደኅንነት ጥሰት ግን በነጥብ አይታይም። ሳይታሰብ መተኮስ፣ አፈሙዝን ወደ ሰው ማዞር፣ ጠመንጃ መጣል፣ ጣትን ከቃታው ሳያወጡ ቦታ መቀየር፦ እነዚህ ከውድድር ያስወጣሉ። በዚህ ዓይነት ጠመንጃ ላይ ሌላ ሕግ ተጨመረ፦ የጎረሰ ጠመንጃ ይዞ መንቀሳቀስ ክልክል ነው፤ ማጉረስ ከቆሙ በኋላ። ሲያጎርሱም በርሜሉን በሌላው እጅ አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል፤ ቃታው ከተነካ በርሜሉ በኃይል ይመለሳል፣ ጣትም ያደቃል።

ያልሠራው

ሂት ፋክተር ለልምድ ያላቸው ጥሩ ነበር፣ ጀማሪዎቹን ግን አባረራቸው። ከአሥር ሦስት የሚስት ጀማሪ ሁለት ሳህን፣ ሦስት ሲና ሁለት ዲ ቢያገኝ 21 ነጥብ ይይዛል፤ 30 ይቀነሳል፤ ዜሮ። ምንም ያልመታውም ዜሮ ነው። ከእነርሱ መካከል ማን እንደተሻለ ሕጉ አይለይም። ዜሮ አግኝቶ የሄደ ጀማሪ ደግሞ አይመለስም።

ለእነርሱ ሌላ አቆጣጠር ተሞከረ፤ አይዲፒኤ የሚባለው ማኅበር የሚጠቀምበት፣ ቅጣቱ ሰዓት ላይ የሚደመርበት። ለጠፋ ነጥብ አንድ ሰከንድ፣ ስለዚህ መሃል ምንም፣ ቀጣዩ ክልል 1፣ ዳር 3፣ የሳተ 5 ሰከንድ። ለአሠራር ስሕተት 3 ሰከንድ። ትንሽ ሰከንድ ያለው ያሸንፋል። ለማስላት ይቀላል፣ ዜሮም የለውም።

በልምምዱ ላይ አንዲት ተኳሽ ሕጉ ተነብቦ ሳያልቅ እጇን አወጣች፦ «ብስት 5 ሰከንድ። ልድገመው ብል ስድስት ከግማሽ። ለምን እደግማለሁ?»

ያ የበጉ ቀዳዳ በሌላ በር ተመልሶ ነበር። 5 ሰከንድ ለሽጉጥ ከባድ ቅጣት ነው፤ የሳተ ሰው በግማሽ ሰከንድ ይደግማል። ለሚሰበር የአየር ጠመንጃ ግን ከማጉረሻው ጊዜ ያንሳል። በአይፒኤስሲ ይህ ያልታየው አንዲት ሰከንድ የምታወጣው ነጥብ ከተኳሹ ፍጥነት ጋር ስለሚለዋወጥ ነው። በ0.6 ሂት ፋክተር አንድ የሳተ ምት፣ ያጣው 5 እና የተቀጣው 10 ሲደመር፣ 25 ሰከንድ ያህል ያስከፍላል። በሰዓት መደመር ዘዴ ግን ቁጥሩን የሚመርጠው ሕግ አውጪው ራሱ ነው፤ ስለዚህ ከመሣሪያው ጋር ማስተካከልም የእሱ ሥራ ነው።

የሳተ ምት ወደ 15 ሰከንድ ከፍ ተደረገ፣ ያልተተኮሰበት ዒላማ ደግሞ ሌላ 15። ውጤቱ በሚቀጥለው ምሳሌ ይታያል። የላይኛው ጀማሪ በ70 ሰከንድ ጨርሶ ለሲዎቹ 3፣ ለዲዎቹ 6፣ ለሳታቸው ሦስት ምቶች 45 ይጨመርበታል፤ 124። በ95 ሰከንድ ቀስ ብሎ የጨረሰ፣ አራት ሲ፣ ሁለት ዲና አንድ የሳተ ምት ያለው ደግሞ 95 ሲደመር 4፣ 6 እና 15፣ 120። ዝግ ያለው አሸነፈ። የዲ ቅጣት 3 ሰከንድ መሆኑ አሁንም ትንሽ ነው፤ ጀማሪ ዳር ከመታ አይደግምም። ይህ ታውቆ ነው የተተወው፤ ጀማሪ ካርቶን መምታቱ በቂ ነው።

ሰዓት አያያዙ ሌላ ራስ ምታት ነበር። የተኩስ ሰዓት መቁጠሪያ የሚሠራው በድምፅ ነው። የአየር ጠመንጃ ድምፁ ደካማ፣ የባዛሩ ሙዚቃ ደግሞ ጉልበተኛ። ስልክ ላይ የተጫነው መቁጠሪያ የሳህኑን ቃጭልና የተመልካቹን ጭብጨባ ሁሉ እንደ ተኩስ መዘገበ። ሁለት ሰዎች በስልክ ሰዓት እንዲይዙ፣ አማካዩ እንዲወሰድ ተደረገ። የእጅ ስሕተት 0.3 ሰከንድ ቢሆን ከ66 ሰከንድ ውስጥ ግማሽ በመቶ አይሞላም። ከዚህ ሜዳ ሌላ የተዘጋጀው ሁለተኛው ሜዳ ግን አጭር ነበር፤ አራት ምት በ14 ሰከንድ። እዚያ 0.3 ሰከንድ 2 በመቶ ነው፣ ደረጃም ይቀይራል።

ያው አጭር ሜዳ ሌላም ነገር አበላሸ። አዘጋጆቹ የሁለቱን ሜዳዎች ሂት ፋክተር እንዳለ ደመሩት። በአጭሩ ሜዳ ጥሩ ተኳሽ 1.3 ያህል ያገኛል፣ በረጅሙ 0.6። አራት ምት ከአሥር ምት በእጥፍ በለጠ ማለት ነው። ትክክለኛው አሠራር በየሜዳው ከፍተኛ ሂት ፋክተር ያገኘውን የሜዳውን ሙሉ ነጥብ መስጠትና ሌላውን በእሱ መጠን ማስላት ነው። 50 ነጥብ ባለው ሜዳ አንደኛው 0.60፣ ሌላው 0.48 ካለው፣ ሁለተኛው 40 ይወስዳል። 20 ነጥብ ያለው አጭር ሜዳ ከ20 በላይ አይሰጥም። ሁሉም ከተደመረ በኋላ መታረሙ ሁለት ሰው ቦታ አቀያየረ፣ ቅሬታውም እስካሁን አልበረደም።

ለሌላ አዘጋጅ የሚሆነው

ቅጣት ከመወሰኑ በፊት አንድ ነገር በሰዓት ይለካ፦ በዚያ መሣሪያ አንድ ምት ለመድገም ስንት ሰከንድ ይፈጃል? የሳተ ምት ቅጣት ከዚያ ቁጥር በግልጽ መብለጥ አለበት፤ ሁለት እጥፍ አካባቢ ይበቃል። ያልተተኮሰበት ዒላማ ቅጣት ለብቻው ይጻፍ። ከዚያ ሕጉ ለአንድ ክፉ አንባቢ ይሰጥ፦ «በዚህ ሕግ ምንም ሳትደክም እንዴት ታሸንፋለህ?» ብሎ። በዚህ ጉዳይ ያቺ ተኳሽ ይህን በነጻ ሠራችው።

ውጤት መመዝገቢያው ለእያንዳንዱ ዒላማ ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ የሳተና ሰላማዊ የሚል ዓምድ፣ ከታች የአሠራር ቅጣትና ሰከንድ እስከ ሁለት አሥርዮሽ ይኑረው። ዳኛው ይፈርማል፣ ቀጥሎ ተኳሹ። ተፈርሞ ያለቀ ወረቀት ለክርክር አይከፈትም፤ የመደመር ስሕተት ብቻ ይታረማል።

ፕላስተር የሚለጥፉት ልጆች ዳኛው «ለጥፉ» ሳይል እንዳይለጥፉ ይነገራቸው። በሁለተኛው ዙር አንድ ታታሪ ልጅ ዳኛው ሳይቆጥር ሁለት ካርቶን አሳምሮ ለጠፈ። ውጤቱን ማወቅ ስላልተቻለ ተኳሹ እንደገና እንዲተኩስ ተደረገ፤ ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው። የተገላቢጦሹም ያጋጥማል። ከቀዳሚው ተኳሽ የቀረ ያልተለጠፈ ቀዳዳ ከተገኘና የማን እንደሆነ ካልታወቀ፣ አሁንም ይደገማል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተኳሽ ከሚያስፈልገው በላይ ጥቂት ጥይትና ሩብ ሰዓት ያህል ትርፍ ጊዜ መያዝ ግድ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ትርፍ ጊዜ አልተያዘም ነበርና የመጨረሻዎቹ የደሴ ልጆች የተኮሱት ካርቶኑ ላይ ያለው መስመር በማይታይበት ምሽት ላይ ነው፤ የእነርሱ ምድብ ውጤት ተሰርዞ በማግስቱ ጠዋት ተደገመ።